የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፍርድ ቤቱ ኦንላይን ሲገባ ተከሳሹ የት ነው ያለው?

ባለፈው እትም አለመግባባትን በኦንላይን መፍታት የሚባለው ነገር ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሲገባ ምን እንደሚመስል ጥያቄ ካላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ አምስቱን መርጫለሁ። ላኪዎቹ ስማችን አይውጣ ስላሉ አላወጣሁም፣ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ደሞ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ረዘም ያለ ነገር ጽፌያለሁ፣ ሳነበው እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ውስጥ ነው የምሰራው፣ 19 ዓመት ሆኖኛል። አሁን አዲስ የኦንላይን ሲስተም ሊገባ ነው ተብሎ ስልጠና ላይ ነን፣ ግን አሰልጣኞቹ የሚሉት ብዙም አልገባኝም። እኛ እኮ ክስ በኮምፒውተር መቀበል ከጀመርን ቆየን፣ በቪዲዮም ችሎት ተካሂዷል፣ ታዲያ አዲሱ ነገር ምኑ ነው? የኛስ ስራ ምን ሊሆን ነው?

መልስ፦ ግራ ቢገባዎት አይገርምም፣ ሶስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ስለሆነ ነው። ክስን በኮምፒውተር መቀበል ማለት ድሮ በወረቀት ይገባ የነበረው መዝገብ መንገዱን ቀየረ ማለት ነው። የቪዲዮ ችሎትም ያው ችሎት ነው፣ ዳኛ አለ፣ ቀጠሮ አለ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት መገኘት አለበት፣ አዳራሹ ብቻ ነው የቀረው። አሁን እርስዎ ጋር ሊገባ ያለው ግን ጉዳዩ ዳኛ ፊት ከመድረሱ በፊት ያለውን መንገድ ነው የሚቀይረው። ሰዎቹ ችግራቸውን በሲስተሙ ያስረዳሉ፣ መብታቸው ምን እንደሆነ ያያሉ፣ በጽሁፍ ይደራደራሉ፣ ካልሆነላቸው አስማሚ ይገባል፣ ያም ካልሰራ ነው ዳኛ የሚወስነው። ደሞ ሁሉም በየራሱ ሰዓት ነው፣ አንዱ ጠዋት ጽፎ ሌላው ማታ ከስራ ሲወጣ ሊመልስ ይችላል።

ሀሳቡ መጀመሪያ የጎለበተው ፍርድ ቤት ውስጥ አይደለም፣ ኦንላይን ገበያ ላይ ነው። ኢቤይ በገዢና በሻጭ መሃል የሚነሳን ጭቅጭቅ በሲስተም ሲፈታ በዓመት ወደ 60 ሚሊዮን ይደርስ ነበር፣ ይሄን ያህል ጉዳይ የትኛውም ፍርድ ቤት በወረቀት አይችለውም። ከዛ የህግ ሰዎች ይሄ ለትንንሽ የገንዘብ ክሶች ለምን አይሆንም ማለት ጀመሩ። እንግሊዝ ውስጥ በ2015 ሪቻርድ ሰስካይንድ የሚባሉ የህግና የቴክኖሎጂ ምሁር የመሩት ቡድን ባለ ሶስት ደረጃ ኦንላይን ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ሀሳብ አቀረበ፣ በ2016 ደሞ የተባበሩት መንግስታት የንግድ ህግ ኮሚሽን ድርድር፣ ማስማማት፣ የመጨረሻ ደረጃ የሚል ቅደም ተከተል ያለው መመሪያ አወጣ (አስገዳጅ አይደለም፣ ግን ብዙ አገር እንደ መነሻ ያየዋል)።

እኔ ግን ሁሌ የማሳየው የካናዳዋን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው። እዛ ሲቪል ሪዞሉሽን ትራይቡናል የሚባል በኦንላይን የሚሰራ ፍርድ ሰጪ አካል አላቸው፣ በ2016 በጋራ ህንጻ ነዋሪዎች ጭቅጭቅ ጀምሮ በ2017 እስከ 5,000 የካናዳ ዶላር ያለ ክስ መቀበል ጀመረ። አንድ ሰው ክስ ከማቅረቡ በፊት ሶሉሽን ኤክስፕሎረር በሚባለው ነጻ ክፍል ውስጥ ያልፋል፣ ስሙን እንኳን አይጠየቅም፣ በቀላል ቋንቋ ጥያቄ እየመለሰ መብቱን ያያል፣ ለሌላው ወገን የሚልከው ደብዳቤ ናሙና ይሰጠዋል። እዚሁ ላይ ጉዳዩን ጨርሶ የሚሄድ አለ። ክስ ካቀረበ ግን ድርድር፣ ቀጥሎ የማስማማት ስራ፣ መጨረሻ ላይ ውሳኔ ነው፣ ውሳኔው ደሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይፈጸማል።

የኛስ ስራ ላሉት ደሞ መልሱ ወዲህ ነው። ማህተም መምታትና መዝገብ ማመላለስ ይቀንሳል እውነት ነው፣ ግን 19 ዓመት ሙሉ መስኮቱ ጋር ቆመው "ይሄን አይደለም የምትከሺው እህቴ፣ ያንኛውን ነው" ያሉት እርስዎ ነዎት አይደል? ሲስተሙ ላይ የሚጻፉት ጥያቄዎች መውጣት ያለባቸው ከዛ መስኮት ነው። ስልጠናው ላይ ዝም ብለው አይቀመጡ። ባለጉዳይ የት ላይ እንደሚሳሳት፣ የትኛውን ፎርም ከየትኛው እንደሚያምታታ ጽፈው ያስገቡ፣ ሲስተሙን የሰራው ልጅ ይሄን ከየትም አያገኘውም።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ በጣም ተናድጄ ነው የምጽፈው። ከሁለት ዓመት በፊት ዕቃ በዱቤ ገዝቼ ተበላሸና መለስኩት፣ እነሱም ተቀበሉኝ፣ አለቀ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዛ አንድ ቀን "ክስ ቀርቦብዎታል በዚህ ሊንክ ይግቡ" የሚል ኤስኤምኤስ መጣልኝ። እንዲህ አይነት የሌባ ሜሴጅ በየቀኑ ስለሚመጣ አጠፋሁት። ባለፈው ወር ደሞዜ ተቆርጦ ሳይ ጠየቅኩ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው አሉኝ። እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳን አልተናገርኩም! ሰው ሳይሰማ ይፈረድበታል እንዴ? ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጊዜ የማይሰጠውን ልንገርሽ። በሌለሁበት የተሰጠው ውሳኔ ይነሳልኝ ብሎ ማመልከት የሚባል መንገድ በአብዛኛው የፍርድ ቤት ስርዓት አለ፣ ግን ቀን ተቆጥሮበት ነው፣ ቀኑ ደሞ ብዙ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ውሳኔውን ካወቅሽበት ስለሆነ ይሄን መጽሄት አስቀምጪና ዛሬውኑ የውሳኔውን ግልባጭ ጠይቂ። ማመልከቻሽ ላይ ሁለት ነገር ይኑር፣ አንደኛ ለምን እንዳልቀረብሽ (መጥሪያው በምን መንገድ ተላከ፣ በየትኛው ስልክ፣ እጅሽ ላይ የደረሰ ወረቀት አለ ወይ)፣ ሁለተኛ ደሞ ብትቀርቢ ኖሮ የምትይው ነገር። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል፣ አልሰማሁም ብሎ ብቻ ይመጣል፣ ዳኛው ግን መዝገቡን ብከፍተው የሚለወጥ ነገር አለ ወይ ብሎ ነው የሚያየው። ዕቃውን የመለስሽበት ደረሰኝ፣ የተጻጻፋችሁት ቴክስት፣ የነበረ ምስክር፣ ያለሽን ሁሉ አያይዢ። ማመልከቻው እስኪታይ አፈጻጸሙ ይታገድልኝ ብለሽም ጨምሪበት፣ አለበለዚያ ደሞዝሽ መቆረጡን ይቀጥላል። ነጻ የህግ ድጋፍ የሚሰጥ ቦታ ካለ ይሄን ለመጻፍ አንድ ቀን አይፈጅባቸውም።

አሁን ወደ ንዴትሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም ትክክለኛ ንዴት ነው።

ስለ ኦንላይን ፍርድ ቤት የሚወራው ወሬ ሁሉ ስለ ከሳሽ ነው። ከሳሽ ቤቱ ቁጭ ብሎ በግማሽ ሰዓት ክስ ያስገባል፣ ከሳሽ ሰልፍ አይጠብቅም፣ ከሳሽ ትራንስፖርት አይከፍልም። ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ስንት ሰው ትንሽ ገንዘብ ተበልቶ ወጪው ከሚያስመልሰው ስለሚበልጥበት ትቶታል። ግን ክስ ማቅረብ ሲቀል ለሁሉም እኩል አይቀልም። አንቺ በህይወትሽ አንዴ ብትከሺ ነው፣ በዱቤ የሚሸጥ ወይ ብድር የሚሰጥ ድርጅት ግን በወር መቶ ሰው ሊከስ ይችላል፣ ሰራተኛ አለው፣ ፎርሙን በቃሉ ያውቀዋል፣ ፋይል ጭኖ ክሱን በጅምላ ያስገባል። በሌላ በኩል ያለችው ተከሳሽ ደሞ ስልኳ ላይ ከማታውቀው ቁጥር ሊንክ ይመጣላታል፣ ሊንክ አትንኩ እየተባለች ነው የኖረችው፣ አጠፋችው። የተባለችውን ነው ያደረገችው እኮ! ፍርድ ቤት የሚልከውን ሌባ ከሚልከው የምትለይበትን ነገር ማንም አልሰጣትም።

አሜሪካ ዩታ ውስጥ በ2018 ለትንንሽ ክሶች እንዲህ አይነት ሲስተም በአንድ ፍርድ ቤት ሙከራ ተጀመረ። ተከሳሹ መጥሪያው ከደረሰው በ14 ቀን ውስጥ ሳይቱ ላይ ካልተመዘገበ በሌለበት ሊወሰንበት ይችል ነበር። በኋላ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ተጠቃሚዎችን አስቀምጠው ሲስተሙን ሲያስሞክሩ ከወረቀቱ መጥሪያ ተነስቶ ሳይቱን አግኝቶ መመዝገቡ ራሱ ሰውን የሚያስቸግር ሆኖ አገኙት። ልብ በይ፣ እዛ ወረቀት ነበር፣ ሰዎቹም ግቡ ተብለው ነው የሞከሩት፣ እንደዛም ሆኖ በሩ ላይ ተቸገሩ። እነሱ ችግሩን ፈልገው ስላዩት ነው የታወቀው፣ ያላየ ፍርድ ቤት ግን የሚያየው መዝገቦች በፍጥነት መዘጋታቸውን ብቻ ነው። ተከሳሽ ያልመጣበት መዝገብ ደሞ ከሁሉም በፍጥነት ነው የሚዘጋው!! ስለዚህ አንድ ሲስተም ሲመረቅ "መዝገብ የሚዘጋበት ጊዜ በዚህን ያህል ቀነሰ" ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ከተዘጉት ውስጥ ተከሳሹ አንድ ቃል እንኳን የጻፈበት ስንት ነው ብዬ ነው፣ ይሄን ቁጥር የማይዝ ፍርድ ቤት ሲስተሙ ይስራ አይስራ አያውቅም ብዬ አምናለሁ።

መደረግ የነበረበት ከባድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው መጥሪያ በእጅ ይሰጥ፣ ኤስኤምኤሱ ማስታወሻ እንጂ መጥሪያ አይሁን። ሜሴጁ ውስጥ ሊንክ ባይኖር ይሻላል፣ የመዝገብ ቁጥር ይኑርና ሰውየው ሁሉም የሚያውቀው የፍርድ ቤቱ ስልክ ላይ ደውሎ እውነት መሆኑን ያረጋግጥ። መጥሪያው የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ማን እንደከሰሰሽ፣ ስንት ብር፣ እስከ መቼ መልስ እንደምትሰጪ፣ ዝም ካልሽ ምን እንደሚሆን ይጻፍ፣ አንቀጽ ጠቅሶ መጀመር ማንንም አይጠቅምም። ደሞ ተከሳሽ አልመጣም ማለት ከሳሽ ያለው ሁሉ እውነት ነው ማለት ስላልሆነ ዳኛ (ሲስተሙ ሳይሆን ሰው) ውሉን፣ የሂሳቡን ስሌት፣ ወለዱን፣ ክሱ በይርጋ መታገድ አለመታገዱን አይቶ ነው መወሰን ያለበት። እኔ በአስማሚነት በሰራሁባቸው ዓመታት ተከሳሽ ቀርቦ ወረቀቱ ሲገለጥ የተጠየቀው ብር ሲቀንስ ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ሁሌ በማጭበርበር አይደለም፣ የተከፈለ ክፍያ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነው ብዙውን ጊዜ። ያ ሰው ባይመጣ ኖሮ ያንን የሚያይ አልነበረም።

ማመልከቻሽ ምን እንደተባለ ጻፊልኝ፣ እከታተላለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ሶፍትዌር ነው የምሰራው፣ ከጓደኞቼ ጋር ለፍርድ ቤት እንዲህ አይነት ሲስተም ለመስራት ልንወዳደር ነው። አንድ ነገር ላይ ተጨቃጨቅን። እኔ ባለጉዳይ ከፈለገ ይግባ ካልፈለገ ይተወው ነው የምለው፣ ጓደኛዬ ደሞ ካላስገደድክ ማንም አይመጣም ይላል። ማን ልክ ነው? ኤአይ ውሳኔ ቢሰጥስ?

መልስ፦ ጓደኛህ ወደ እውነቱ ይቀርባል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ኔዘርላንድስ ሬኽትዋይዘር የሚባል ለፍቺ የሚያገለግል በጣም ያማረ ሲስተም ነበራት፣ ዓለም ሁሉ እየሄደ ያየው ነበር። ባልና ሚስት በፈቃዳቸው ነበር የሚገቡት፣ የገባው ሰው ቁጥር ግን ወጪውን አልሸፈነም፣ በ2017 ተቋረጠ። የአውሮፓ ህብረትም በ2016 የሸማቾች ፕላትፎርም ከፍቶ ነበር፣ ሸማቹ ቅሬታውን ያስገባል ነጋዴው ግን መልስ የመስጠት ግዴታ ስላልነበረበት አብዛኛው ዝም ይላል፣ በሐምሌ 2025 ዘጉት። የተጣላ ሰው እኮ ተጣልቷል፣ አንተ ና ግባ ስትለው ሌላኛው ወገን ያመጣው ወጥመድ ይመስለዋል፣ በፈቃድህ ነው ካልከው ደሞ አይመጣም በቃ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያው የተሳካው ህጉ ራሱ የጉዳዩ መንገድ በዚህ ነው ስላለ ነው።

ግን ምኑን ነው የምናስገድደው? እንግሊዝና ዌልስ ከግንቦት 2024 ጀምሮ እስከ 10,000 ፓውንድ ያሉ የገንዘብ ክሶች ላይ ሁለቱም ወገን ፍርድ ቤቱ በነጻ የሚሰጠው የአንድ ሰዓት የስልክ ማስማማት ላይ መገኘት አለባቸው ብለዋል። መገኘት ነው ግዴታው፣ ተስማማ ብሎ የሚያስገድድ የለም፣ ካልተስማሙ ዳኛ ጋር ይሄዳሉ። እኔ ልዩነቱን እዚህ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ መግባቱን ማስገደድ ይቻላል፣ መስማማቱን ግን በፍጹም። መውጫው ደሞ እንደ መግቢያው የሚታይ ይሁን፣ ኢንተርኔት የለኝም፣ ቋንቋው አልገባኝም፣ ሌላኛው ወገን ይደበድበኛል እፈራዋለሁ የሚል ሰው በአንድ በተን ወይ በአንድ ስልክ ወደ ሰው መሄድ አለበት። የቤት ውስጥ ጥቃት ያለበትን ጉዳይ ሁለቱን አንድ ቻት ውስጥ አስገብታችሁ ተደራደሩ እንዳትሉ አደራ!

ኤአይ ውሳኔ ይስጥ ላልከው እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። ደብዳቤ በማርቀቅ፣ በመተርጎም፣ ረጅም ጽሁፍ በማሳጠር ይርዳ። ለምን ተፈረደብኝ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን ምክንያቱን ጽፎ ፈርሞ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፣ ይግባኝ የሚባለውም እኮ በምክንያቱ ላይ ነው።

ለውድድሩ ደሞ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ዴሞውን የከሳሽን በኩል ብቻ እንዳታሳዩ። የተከሳሽን ስክሪን ቀድማችሁ ስሩት፣ ርካሽ ስልክ ላይ፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ፣ ህግ አንብቦ ከማያውቅ ሰው ጋር ሞክሩት፣ የት ላይ እንደቆመ ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ እናቴ ተከሳለች፣ የኪራይ ጉዳይ ነው። ስማርት ስልክ የላትም፣ ማንበብም እስከዚህ አይደለችም። እኔ በሷ ስም አካውንት ከፍቼ እየመለስኩላት ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ እናትህን መርዳትህ ጥሩ ነው፣ አደራረግህ ግን ችግር ሊያመጣ ይችላል። በሷ ስም ገብተህ የምትጽፈው ሁሉ እሷ እንዳለችው ነው የሚቆጠረው፣ ያልሆነ ነገር ካመንክ በሷ ላይ ነው የሚመጣው። ለፍርድ ቤቱ ደውለህ እኔ ልጇ ነኝ የምረዳት ብለህ በወኪልነት ወይ በረዳትነት ተመዝገብ፣ ብዙ ቦታ ለዚህ ፎርም አለ። አለበለዚያ ደሞ ኦንላይን አልችልም ብላ በወረቀት ወይ በስልክ እንዲሆንላት ትጠይቅ፣ ያ የብሪቲሽ ኮሎምቢያው እንኳን ሙሉ በሙሉ ለኦንላይን ተብሎ የተሰራው በስልክና በፖስታ የሚያስተናግድበት መንገድ አለው። ከመላክህ በፊት ደሞ የጻፍከውን ድምጽህን ከፍ አድርገህ አንብብላትና እንደዛ ነው ወይ በላት። አከራዩ ያለውንም ሳትቀንስ አንብብላት፣ አትጨነቅ ብለህ የከፋውን አትደብቃት፣ ጉዳዩ የሷ ነው።

ሲስተም ለሚሰሩትም ይሄን ደብዳቤ ነው የማሳያቸው። የሰው ዘመድ ይረዳዋል ብለው ነው የሚያልፉት፣ ግን ዘመዱ ራሱ የከሰሰው ሊሆን ይችላል፣ ወይ ስልኩን የያዘው ባል ይሆናል። በአካል የሚሄዱበትና ሰው አብሮ ተቀምጦ የሚሞላላቸው ቦታ ከሲስተሙ ጋር በአንድ ቀን መከፈት አለበት፣ በጀቱ ሲተርፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከከሰሰኝ ሰው ጋር ቻት ላይ እየተደራደርን ነው። በሶስት ጊዜ ልክፈልህ አልኩት። ካልተስማማን ይሄ "ጥፋቴን አምኛለሁ" ተብሎ ዳኛው ጋር ይቀርብብኛል? ከተስማማንስ ያስገድደዋል?

መልስ፦ በደንብ በተሰራ ሲስተም የድርድሩ ክፍልና ዳኛው የሚያየው ክፍል የተለያየ ነው፣ ለመስማማት ብለህ ያቀረብከው ሀሳብ ዳኛው ጋር አይሄድም፣ ይሄ በወረቀቱም ጊዜ የነበረ ደንብ ነው። ግን ያንተ ሲስተም እንደዛ ይሁን አይሁን ከመግቢያው ላይ ያለውን ደንብ አንብብ፣ እዛ ላይ ካልተጻፈ ለአስማሚው "ይሄ ንግግር ሚስጥር ነው ወይ?" ብለህ በጽሁፍ ጠይቅና መልሱን ያዝ። በዋትስአፕ ወይ በቴሌግራም ከሲስተሙ ውጪ የምትጻጻፉት ግን ይሄ ጥበቃ ሊጎድለው ስለሚችል እዛ ላይ አትደራደር።

ከተስማማችሁ ደሞ ቻት ላይ "እሺ" መባባል አይበቃም። ስምምነቱ ወደ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲቀየር ጠይቁ፣ ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፣ ላንተም ለሱም ይጠቅማል። ከመፈረምህ በፊት ሶስቱ ክፍያዎች በየትኛው ቀን፣ በየትኛው አካውንት፣ አንዱ ቀን ቢያልፍ ሙሉው ብር ባንዴ ይጠየቃል ወይስ የስንት ቀን እፎይታ አለህ የሚለው ይጻፍ፣ የመጨረሻው ክፍያ ሲገባ ክሱ መዘጋቱም እንደዛው። የመጀመሪያውን ከከፈልክ በኋላ ደሞ ሲስተሙ ላይ መመዝገቡን ግባና እይ፣ ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርገህ ከስልክህ ውጪ ሌላ ቦታም አስቀምጥ።